የያለምወርቅ ቀኖና

ቄስ ሰይፈሥላሴ በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዝናቡ ተጠልለው፣ የንስሐ ልጆቻቸውን ሲሰሙ አረፈዱ። ፍልሰታ እየተገባደደ ስለሆነ መቁረብ የፈለገ ሁሉ ኃጢአቱ ትዝ ያለው ዛሬ ነው። ሐሜት፣ ቁጣ፣ ዛሬም እንደ አምና ሐሜት። ለሁሉም ስግደት ያዛሉ፤ ሁሉም እሺ ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቷቸዋል።

መጨረሻ ላይ ያለምወርቅ መጣች። በግቢዋ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች እያከራየች የምትኖር፣ ጾም የማትሽር፣ ምጽዋት የማትረሳ ሴት ናት።

«ይፍቱኝ አባ። ተከራዬን አስወጣኋት።»

«የትኛዋን?»

«ሱዳናዊቷን፣ ሳፊያን። ከጦርነት ሸሽታ ከነልጇ የመጣችውን። የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜ አልፎባታል፤ ያስጠጋትም አብሮ ይጠየቃል እያለ ሰፈሩ ሲያወራ ፈራሁ። ቤቴን ቢያሽጉብኝስ? ዕቃዋን ደጅ አወጣሁባት። እየዘነበ ነበር።»

ቄሱ ሳፊያን ያውቋታል። ከዚያ ወዲህ ከልጇ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከነዳያኑ ጫፍ፣ ላስቲክ ወጥራ ተቀምጣለች። ሙስሊም መሆኗን ያዩ ምእመናን ሲያጉረመርሙ ሰምተዋል። እሳቸውም ዛሬ ጠዋት ሲገቡ እንዳያዩዋት ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው አልፈዋታል።

«መልሰሽ አስገቢያት» አሉ። «ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

ያለምወርቅ ጠጋ ብላ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትከራከር ሁሉ፣ «አባ፣ ስግደት ይስጡኝ» አለች። «ከፈለጉ እጥፍ ያድርጉት። ጾሙንም እስከ ማታ እገፋዋለሁ።»

አንዲት «እሺ» ቢሉ ሁለቱም ያርፉ ነበር። ስግደት አብዝቷል ተብሎ በሕግ የተጠየቀ ሰው የለም። ቄሱ ለዚያች «እሺ» ልባቸው ከጀለ።

«ስግደትሽ እሷን ከዝናብ አያስጥላትም» አሉ በድካም።

«ለእርስዎ መናገሩ ቀላል ነው። የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። እርስዎ ቢሆኑ ያስገቧት ነበር?»

ቄስ ሰይፈሥላሴ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ይጠርጉ ጀመር። መስቀሉ ንጹሕ ነበር።

«አላስገባኋትም» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ። እኔም ፈርቻለሁ ልጄ። ከጠየቁሽ ግን የንስሐ አባቴ አስገቢያት ብለውኝ ነው በይ። ስሜን ንገሪያቸው። አብሬሽ ቆሜ እጠየቃለሁ።»

ያለምወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ደስ ብሏት አይደለም፤ ፍርሃቱም አልለቀቃትም። ሁለቱ ጭቃ የሌለበትን እየመረጡ ሳፊያ ወዳለችበት አጥር ሄዱ።

ሳፊያ ከሩቅ አየቻቸው። መጀመሪያ ያየችው ያስወጣቻትን ሴት ነው፣ ቀጥሎ መስቀል የያዙትን ቄስ። ማንም ምንም ሳይላት ተነሥታ ላስቲኩን አጣጠፈች፤ የተኛችውን ልጇን አዘለች።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «አሁን እሄዳለሁ።» ከምታውቃት ጥቂት አማርኛ አጥርታ የምትናገረው ይህንኑ ነበር።

ቄሱ አፈሩ። ያለምወርቅ ጓዟን ልታግዛት እጇን ብትዘረጋ፣ ሳፊያ የሚቀሟት መስሏት ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘችው።

«ወደ ቤት ነው» አለቻት ያለምወርቅ። «ነይ፣ ወደ ቤት።»

ሳፊያ አላመነቻትም።