የተሻገር ዝግጅት

ተሻገር የራሱን የካርጎ ቤት ከመክፈቱ በፊት ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ ልምድ መቅሰም እንዳለበት ካመነ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ከአገር ወጥቶ ስካርቦሮ ከተባለ ሰፈር ካለ የጭነት ማጓጓዣ ኩባንያ ሲቀጠር ለሚስቱ ለራኬብ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብሏት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር አደረጉት፤ «ሰው ማስተዳደርም መልመድ አለብኝ» አለ። በአምስተኛው ወደ ፕላኒንግ ክፍል አዛወሩት፤ ያንን ሳያውቁ ንግድ መጀመር ድፍረት ሆኖ ታየው። አሁን ስጋት ገምጋሚ ነው። ሥራው ሌሎች ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር ለምን ሊከሽፍ እንደሚችል መጻፍ ነው። በዚህ የሚስተካከለው የለም ይባላል።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ሲልኩ የኖሩት አቶ በየነ ጉልበታቸው ደከመና የካርጎ ቤታቸውን ከነደንበኛው ለሌላ ሊያስተላልፉ ፈለጉ። ተሻገርን አስጠሩት።

«ስማ ልጄ፣ ከሁሉም አንተን አስቀድሜያለሁ። እስከ ዓርብ ጠዋት ቃልህን ስጠኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አቶ በየነ። ትንሽ አይቼው…»

«ምኑን ነው የምታየው? ሚዛኑ ያው፣ በሩ ያው!»

እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ እንደማይገኝ ተሻገር ያውቃል። ስለዚህ ነገሩን በጥንቃቄ ያዘው። ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ካለው አፓርትመንታቸው እንደገባ ላፕቶፑን ከፈተና ራኬብን ለስብሰባ ጠራት።

«የት ነው ስብሰባው?» አለች ከወጥ ቤት።

«እዚሁ። አጀንዳውን ልኬልሻለሁ።»

«ተሻገር፣ እኔ ሚስትህ ነኝ። ተስማምቻለሁ። ሂድና እሺ በላቸው!»

«መስማማትሽን በቃለ ጉባኤ ይዤዋለሁ።»

ሐሙስ ለአቶ በየነ አሥራ አራት ገጽ ኢሜይል አደረገላቸው። የስጋት ሠንጠረዥ አለው፤ እሳቸው የሚሞሏቸው ሃያ ሁለት ጥያቄዎችም አሉት። ከፍተኛው ስጋት በቀይ ተቀብቷል፦ «የባለቤቱ ዕድሜ»። በመጨረሻም መልሳቸውን እስከ ሰኞ በትሕትና እንደሚጠብቅ ገለጸላቸው።

ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ወደ ብሉር ሲሄድ አቶ በየነን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሻንጣ የምትመዝነው ያለምወርቅ ናት፤ ቤቷ ውስጥ የመንገደኛ ጓዝ ስታሰናዳ የኖረች፣ የቢሮ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት።

«እሷ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሽማግሌ ይዛ መጣች፤ ቤቱን ሰጠኋት» አሉ አቶ በየነ። «አንተ ፋይል ላክህ። ልጄ አነበበልኝ። በቀይ የተቀባሁት እኔ ነኝ አለኝ።»

የተሻገር ፊት ጋለ። «እሱ እኮ… አጠቃላይ ግምገማ ነው።»

«ግዴለም፣ ዕድሜዬን አልሳትክም።»

ያለምወርቅ የታተመውን ወረቀት ከባንኮኒው ላይ አነሳች። «ጋሼ ተሻገር፣ እኔም አይቼዋለሁ። እዚህ ቤት ሊበላሽ ከሚችለው አንድ ነገር አላስቀሩም። እኔ ደግሞ የወረቀት ሥራ አይሆንልኝም። ለምን አብረውኝ አይሠሩም?»

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር። ግን የሥራ ግብዣው የቅጥር ደንብ ያልተከተለ መሆኑ ቤቱን ከማጣቱ ይልቅ ከነከነው።

«ኢንተርቪው ስንት ዙር አለው?» አላት።

«የምን ዙር? ይልቅ ያን ሻንጣ ያቀብሉኝ!»

ጎንበስ ብሎ አነሳው። ከገመተው በላይ ይከብድ ነበር።