ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ መያዣ

ጎሚስታው ሚስቱን በዘመድ ፊት የከሰሳት በጡት መያዣ ነው። አዎ፣ በጡት መያዣ! ሰው በመሬት ይካሰሳል፣ በድንበር ይካሰሳል፤ ይሄኛው ግን አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጡት መያዣ ከነሙታንታው በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ አመጣና፣ አጎቱና አክስቱ ሻይ የሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ፣ «ለማን እንደሰፋችው ትናገር፤ ካልተናገረች ወደ ወንድሟ ቤት ትሂድ» ብሎ ተቀመጠ። ሻንጣዋንም ራሱ ሸክፎ በሩ ሥር አቁሞታል። እንዴት እንደሸከፈው እንጃ፣ የአንዱ ቀሚሷ እጅጌ በዚፑ መሀል ወጥቶ ይታያል።

ሚስቱ ዳቦ ሻጭ ናት። ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አፈረች እንዳይባል አላፈረችም፣ ተናደደች እንዳይባል አልተናደደችም። የተዘረገፈውን ጨርቅ አየችው። የዳንቴሉ ጠርዝ ላይ አንድ ክር ተመዟል፤ ሲጎትተው መሆን አለበት አለች በልቧ። ከዚያ በላይ ያሰበችው ነገር የለም።

እንዲህ የሆነችው ከወለደች ወዲህ ነው። ልጁ ትንፋሽ ሳይኖረው ተወለደ። ዘመድ መጣ፣ አለቀሰ፣ «በርቺ፣ ሌላ ይሰጥሻል» አለ፣ ሄደ። እሷ አላለቀሰችም። ሰዉም «ጠንካራ ናት» አለላት። ምን ጠንካራ! ደንዝዛ ነው እንጂ። ጥርስ ሊነቀል የማደንዘዣ መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የሌላ ሰው ይመስለው የለ? እሷ መላ ገላዋ እንደዚያ ሆነባት።

ገላ ግን ሞኝ ነው። ልጅ የለም ብሎ የነገረው ስለሌለ ወተቱ መጣ። አክስትየዋ ናቸው ደረቷን በጨርቅ ጠፍረው ያሰሩላት። «ለሱ እንዳትነግሪው» አሉ። «ልጁን ቀብሮ የመጣ ሰው ወተቱን ደግሞ ይቅበር? አንዱ ሐዘን ይበቃዋል።» ባልየውንም «እሷ ትረፍ» ብለው ለሰሞኑ ጎሚስታ ቤቱ እንዲያድር ሰደዱት። ክፉ አስበው አይደለም። ቀኙ ጡቷ ቶሎ ደረቀ፣ ግራው ግን አሻፈረኝ አለ።

ሥራ በተመለሰች ሰሞን፣ ዳቦ የተሰለፈች አንዲት ሴት ያቀፈችው ሕፃን አለቀሰ። ዳቦ ሻጯ ዳቦ ጠቅልላ ስታቀብል ደንበኛው ደረቷን አየና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ሸሚዟ በግራ በኩል ርሷል። «ውሃ ፈሶብኝ ነው» አለችና መልሱን ቆጥራ ሰጠችው።

የሱቁ ጡት መያዣ ሁሉ ለእኩል ጡት የተሠራ ነው። ግራዋን ከያዘላት ቀኟ ላይ ይንቦረቀቃል፣ ቀኟን ከያዘላት ግራዋን ያንቃታል። ምን ታድርግ? አሮጌውን በምላጭ ተረተረችው። ቁርጥራጩን ጋዜጣ ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች፤ ግራውን አሰፋችው፣ ቀኙን አጠበበችው፣ በግራው ገበር ውስጥ የፎጣ ቁራጭ ደበቀች። የመጀመሪያው እንኳን ጡት ሽንኩርት የሚይዝ አልሆነም። ቀጣዩን ላስቲኩን ሳትወጥር ሰፍታው እንደለበሰችው ወገቧ ላይ ወረደ። እየዋለች እያደረች ግን እጇ ተማረ፤ ላስቲክ ትንሽ ወጠር ተደርጎ ነው የሚሰፋው፣ ከበዛ ደግሞ ጨርቁን ይሰበስበዋል። ከተረፈው ጨርቅ ሙታንታ ቆረጠች። ከላዩ ጋር እንዲገጥም አስባ እንዳይመስላችሁ፤ ጨርቅ ስለተረፈ ነው።

ወተቱ በኋላ ደረቀ፣ ግራዋ ግን ከቀኟ እንደበለጠ ቀረ። ስፌቱም አልቆመም። ነጩ ጨርቅ ሲያልቅ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሲያልቅ ወይን ጠጅ ገዛች፤ ባለ ሱቁ «ከዚህ ጋር ዳንቴሉ ያምራል» ሲላት ዳንቴሉንም ገዛች። የስፌት መኪናው ፊት ስትቀመጥ ደስ ይላት ነበር ብዬ አልዋሽም። መርፌው ሲሄድ እሷም ትሄዳለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ይኸው ነው።

ታዲያ ይኸው ባለ ሱቅ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጎማው ተንፍሶበት ሊያስለጥፍ ሲመጣ፣ «ስማ እንጂ፣ ቤትህ ሙሽራ አለ እንዴ? ዳንቴሉን ሁሉ ሚስትህ ጨረሰችው!» ብሎ ጎሚስታውን በሰው መሀል አሳቀበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰውየው የሰው ጎማ ሳይጨርስ ቤቱ ገብቶ ቁም ሳጥኑን በረበረ።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል፣ ሽምግልና ግን እምቢ ብለው አያውቁም። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጥፋቷ ምንድን ነው?»

ጎሚስታው በአጎቱ ፊት «ጡት» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችው። «መያዣ ነው፣ ጋሼ» አለ።

«ምን?»

«መያዣ! መያዣ ሠርታ!»

አጎትየው ክው አሉ። «ቤቱን አስያዘችው?»

«ኧረ ቤቱን አይደለም...»

«ታዲያ ጎሚስታ ቤቱን ነው? ወይ ጉድ! እንዴት አድርጋ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት አይደለም» አሉ አክስትየዋ ደረታቸውን እየጠቆሙ። «የላይኛው ነው! የላይኛው!»

«የላይኛውን ክፍል? ይሄ ቤት ደግሞ ፎቅ አለው እንዴ?»

«ጡት መያዣ ነው፣ ጋሼ» አለች ዳቦ ሻጯ። ዳቦ አልቋል እንደምትል ነው ያለችው።

አጎትየው ጠረጴዛውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ሻያቸውን ፉት አሉ። «እና ይህንን ሴት ካልሰፋች ማን ይስፋው?»

«ለማን ነው የምትሰፋው? ጥያቄው እሱ ነው!» ጎሚስታው ድምፁ ተሰበረ። «ልጃችንን ከቀበርን ዓመት እንኳ አልሞላም፣ ጋሼ። እኔ ከጎማ ክምር ጀርባ ተደብቄ አለቅሳለሁ። እሷ አንድ ቀን እንባ ወጥቷት አላየሁም። ቁጭ ብላ ዳንቴል ትሰፋለች! ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አንድም ቀን አላሳየችኝም።»

«የራሴ ነው» አለች።

«ውሸት!» ብድግ ብሎ ጡት መያዣውን በሁለት እጁ ዘረጋው። «ይኸው እዩት! ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። እኔ ሚስቴን አላውቃትም? ይሄ የሌላ ሴት ልክ ነው!»

ቅድም ለሌላ ወንድ ብላ የሰፋችው አስመሰለ፣ አሁን የሌላ ሴት ነው አለ። የተናደደ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አጎትየው «የማን ነው አለ?» ብለው ወደ አክስትየዋ ዞሩ። አክስትየዋ መናገር ይችሉ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፣ እሷም አፋቸው ውስጥ ነበረች። እሳቸው ግን ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ያማስሉ ጀመር። አይ ሰው!

ዳቦ ሻጯም «እርስዎ ይንገሩልኝ» አላለችም። ብትሄድም ብትቀርም ያው ነው የመሰላት። የወንድሟ ቤትም አልጋ አለ፣ ዳቦ ቤቱም ከዚያ አይርቅም። ተነሳች። የወጣውን የቀሚሷን እጅጌ ወደ ሻንጣው መልሳ ዚፑን ዘጋችና እጀታውን ያዘች።

«በሉ ደህና ዋሉ» አለች።

ይሄኔ ነው አክስትየዋ ማንኪያውን ወርውረው የተነሱት።

«ቁሚ! የሷ ነው! አንተ ድንጋይ፣ የሷ ነው! ግራው ወተቱ አልደርቅ ያለበት ነው። ያሰርኩላት እኔ ነኝ። አትንገሪው ያልኳትም እኔ ነኝ፣ እኔን እርገመኝ!»

ጎሚስታው ጨርቁን እንደዘረጋው ቀረ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ መልሶ ግራውን አየ።

«ወተት ነበረሽ?» አላት።

«ነበረኝ።»

«ለልጁ?»

የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ማንም ግን አልሳቀበትም።

«ለልጁ» አለች።

«ምንድን ነው ያለችው?» አሉ አጎትየው። አክስትየዋ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አሉ። ሊያንሾካሹኩ ቢሞክሩም የማይሰማ ጆሮ ነውና ጮኸው ደገሙት፦ «ወተት ነበራት! ልጅ ሳይኖር ወተቱ መጣባት!» በመስኮቱ ሥር የሚያልፉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙ። አጎትየው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

ጎሚስታው ጡት መያዣውን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዴት እንደሚታጠፍ ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ ተፈታበት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። ሊነካት እጁን ዘረጋ፣ እጁ ላይ ያለውን የጎማ ጥቁረት አየና መለሰው።

«ያምሻል?» አላት።

በርቺ ያላት ብዙ ነው፣ ሌላ ይሰጥሻል ያላት ብዙ ነው። ያምሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። አያመኝም ልትለው አፏን ከፈተች፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እውነቷ ነበራ። ቃሉ አልወጣላትም። ሻንጣውን ለቀቀችው፣ ግራ ጡቷን በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን ጀመረኝ» አለችው።