እንጨት የሚጎትተው ማሽን

ደርግ የሰቆጣን አናጺዎች በማኅበር ካደራጀ በኋላ፣ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከወልድያ በጭነት መኪና አንድ መላጊያ ማሽን መጣ። የመጀመሪያውን ጣውላ እንዲያጎርሰው የተመረጠው ካሳ ነበር፤ የቄስ ልጅ፣ አናጺነትን ከአጎቱ የተማረ።

«አንተ አፉ ላይ አድርግለት እንጂ አትግፋው። የቀረውን ራሱ ይጎትታል» አለው አደም። አደም ቀድሞ ወፍጮ ቤት የሠራ፣ አሁን የማኅበሩን ሞተር የሚያስነሳ ነው።

ካሳ አላመነም። የጽድ ጣውላውን ጫፍ አስጠጋ። ጥርሳሙ ብረት ነከሰና ከእጁ ወሰደው፤ ጣውላው ቀስ እያለ በወዲያኛው በኩል ልስልስ ብሎ ወጣ። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ልስላሴውን ለመዳሰስ ተጋፋ።

በሁለተኛው ጣውላ የካሳ እጅጌ አብሮ ገባ።

ጠዋቱ ውርጭ ነበርና ወፍራም ኮት ለብሷል። ኮቱ አልቀደድ አለ። ማሽኑ ጣውላውን በሚስብበት በዚያው ዝግታ ክንዱን ይስበው ጀመር። ሰዉን ያደነዘዘው ዝግታው ነበር። ካሳ አልጮኸም፤ ሥራ ላይ ከአማርኛ ሌላ የማይናገረው ሰው በአፍ መፍቻው፣ በኽምጣኛ፣ እናቱን ጠራ።

አደም ሞተሩን አጠፋ፤ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ግን ወዲያው መዞሩን አላቆመም። ሮጦ የካሳን ወገብ አቀፈና ወደ ኋላ ሳበው። ኮቱ አልለቅ አለ። ያኔ የአደም ሚስት ሀሊማ ሰዉን ገፍታ ገባች። ጎን ካለው ሱቅ ልብስ ስትሰፋ ቆይታ መቀሷን እንደያዘች ነው የመጣችው። እጅጌውን ከትከሻው ሥር ሸረከተችው። ሁለቱ ወንዶች በጀርባቸው ወደቁ፤ እጅጌው በወዲያ በኩል ተቦጫጭቆ ወጣ።

ሰዎች ብጥስጣሹ ላይ አጎንብሰው ጣት ፈለጉ። ወደ ካሳ ለማየት ማንም አልደፈረም። እሱ መሬት ተቀምጦ ጭብጡን ደረቱ ላይ ይዟል።

«እስቲ ዘርጋው» አለችው ሀሊማ።

«እምቢ አለኝ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። የትንሿ ጣት ጥፍር የለም። ሌላው ሁሉ ነበር።

የካሳ ሚስት ወለተ ሰንበት ሞተ ተብላ ደረቷን እየመታች ደረሰች። ተቀምጦ ስታየው አጠገቡ ቁጭ አለች። ያቺን እጅ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች።

በሳምንቱ ካሳ ከእነብርዱ ክንዱን ገልጦ ማሽኑ ፊት ቆመ።

«ላስነሳው?» አለ አደም።

«ቆይ።»

ካሳ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። አደምም አላጣደፈው። በመጨረሻ ካሳ «አስነሳው» አለ፤ ጣውላውን አስጠግቶ ገና ብረቱ ሳይነክሰው እጁን ለቀቀ።