ሐይቁ ከዜሮ ሲወርድ

የአሳማው ራስ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሚራን አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጣ ነበር። ከኋላዋ ሰዎች ይተራመሳሉ፤ አንዱ የሩዝ ኬክ ይደረድራል፣ ሌላው የሩዝ ጠላ ይቀዳል። የባሕር ግድቡ መቆጣጠሪያ ቤት ዛሬ አዲስ ኮምፒዩተር ያስመርቃል። በዚህ ጠረፍ ለአሳማ ራስ ሳይሰግድ አዲስ ነገር ሥራ የሚያስጀምር ደፋር ገና አልተወለደም።

ሃያ ስድስት ዓመት በሐይቁና በባሕሩ መካከል ያሉትን ስምንት የውሃ በሮች ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረውን ፕሮግራም ወደ አዲሱ ማሽን ያሻገረችው ሚራን ናት። አምስት ወር ፈጅቶባታል። ዛሬ ከተመረቀ የኮንትራት ኑሮዋ አብቅቶ ቋሚ ትሆናለች፤ ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

አሮጌውን ከማጥፋቷ በፊት ፕሮግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ከፈተችው። ጉዱን ያመጣው ይኸው መክፈቷ ነው። ዓይኗ ሁለት መስመሮች ላይ አረፈ። አወቀቻቸው። ከወራት በፊት ስታሻግራቸው ከበላያቸው የነበረው ማስታወሻ በአዲሱ ማሽን ላይ ተበላሽቶ ባዶ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ነበር። ለምን እንደተጻፉ አልገባትም፤ በሙከራ ጊዜም አንድም ቀን ሥራ ላይ ሲውሉ አላየችም። ስለዚህ ሰረዘቻቸው። አሮጌው ማሽን ላይ ግን ማስታወሻው ይነበባል።

«ሐይቁ ከዜሮ ምልክት በታች ሲወርድ ያስፈልጋል። እንዳትነኩት።»

ወደ አዲሱ ማሽን ሮጠች። በሮቹን በማያንቀሳቅሰው የሙከራ ገጽ ላይ የሐይቁን ከፍታ ከዜሮ አንድ ሳንቲሜትር በታች ብላ አስገባች። ማሽኑ ስልሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት ብሎ አነበበው፤ ከሥሩም በቀይ፣ «ጎርፍ። ሁሉም በሮች ይከፈቱ» አለ።

ነገሩ ወዲያው ገባት። የውሃ መለኪያው ያረጀ ነው፤ ቁጥሩን በአሥራ ስድስት የዜሮና የአንድ ቦታ ብቻ ይልካል፣ «ከዜሮ በታች ነኝ» የሚለውን ምልክት ደግሞ መጀመሪያው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። አሮጌው ማሽን ሠላሳ ሁለት፣ አዲሱ ደግሞ ስልሳ አራት ቦታ አለው። ቤቱ ሲሰፋ በር ላይ የነበረው ምልክት መሃል ሳሎን ቀርቶ እንደ ማንኛውም ቁጥር ተቆጠረ። ሁለቱ መስመሮች ሥራቸው ምልክቱን ወደ በሩ መመለስ ነበር።

የዛሬው የሐይቅ ከፍታ ከዜሮ ምልክቱ በላይ አራት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ሩዝ የሚተከልበት ሰሞን ስለሆነ የገበሬው ፓምፕ ከንጋት ጀምሮ ይጠጣዋል።

«ጋሼ ቤክ፣ ሐይቁ ከዜሮ ወርዶ ያውቃል?»

ቤክ የበሮቹ ጠባቂ ናቸው፤ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር አብረው ያረጁ ሰው። «በእኔ ዘመን ሦስቴ። ዛሬ አራተኛው ሳይሆን አይቀርም። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ሚራን ወደ ውጭ አየች። በመስኮቱ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ይታያል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ቀንድ አውጣና ክላም የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ ይለቅማሉ፤ ደህና ደህናው የሚገኘው በሮቹ ሥር ነው።

«ያቺ ባለ ቀይ ኮፍያ ባለቤቴ ናት» አሉ ቤክ። «ጉልበቴን እያለች ታማርራለች፣ የባሕሩ ዝቅታ ሲሆን ግን ማን ይይዛታል።»

በሮቹ የሚከፈቱት ባሕሩ ሲሸሽ ነው። ያን ጊዜ ሐይቁ፣ ከዜሮ ምልክቱ ቢወርድም ከሸሸው ባሕር ከፍ ስለሚል፣ ቁልቁል ይወረወራል፤ ሰው እግሩን ከጭቃ እስኪነቅል አይጠብቅም።

አለቃዋን ፒዮን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«አዲሱ ማሽን ዛሬ አይበራም። ስህተት አለ፤ የኔ ስህተት ነው።»

ፒዮ ሰማት። ወደ አዳራሹ በር ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐይቁ አሁን ስንት ላይ ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዜሮ አይደለም። ለምርቃቱ የመጡት ኃላፊ ይመርቁ፣ ይብሉ፣ ይሂዱ። ከሰዓት ታስተካክያለሽ።»

«ዝቅታው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። እስከ ከሰዓት አይቆይልንም።»

«ገበሬዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ ያቆማሉ።»

«ምሳ የሚበላው ገበሬው ነው፤ ፓምፑ አይበላም።»

«አትቀልጂብኝ። የሙከራው ወረቀት ላይ የማን ስም ነው ያለው? ያንቺ። የምለው ላንቺ ብዬ ነው። አንድ ፊርማ ሲቀርሽ የራስሽን ጉሮሮ ትዘጊያለሽ?»

ሚራን ፈራች። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ትክክል ቢሆን በወደደች። ተከትላው ወደ አዳራሹ ገባች።

በሮቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማሽን የሚያዞረው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ስግደቱ ሲያልቅ ኃላፊው ሊያዞሩት ነው። ኃላፊው ሰገዱ። ፒዮ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደ። ቤክ ጉልበታቸውን እየደገፉ ተንበረከኩና፣ «እዚያ ታች ያሉትን ጠብቅልን» አሉ። አሮጌው ማሽን ላይ የሐይቁ ቁጥር ሁለት አለ። ሲነሱ አንድ ሆነ።

«ሚራን፣ ቁልፉን ስጪኝና ስገጂ» አለ ፒዮ እጁን ዘርግቶ።

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አሳማው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ኬኩ አጠገብ ለእንግዶች እንዲታይ የተቀመጠውን የሙከራ ወረቀት አነሳች። ከቤክ የሸሚዝ ኪስ እስክሪብቶ መዝዛ ስሟን ሰረዘችው።

«ምንድነው?» አሉ ኃላፊው።

«ማሽኑ አልተፈተነም። ሁለት መስመር አጥፍቼ ነበር፣ እኔ። ሐይቁ ከዜሮ ሲወርድ ስምንቱም በሮች ሴቶቹ ላይ ይከፈታሉ።»

ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፒዮ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያስገባው ጠፋው።

ሚራን ቁልፉን ቤክ መዳፍ ላይ አኖረች። «እርስዎ ይያዙት። አሮጌውን አላጠፋሁትም።»

ቤክ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ኪሱን ቆለፉት። አሮጌው ማሽን ላይ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ ከዜሮ አንድ በታች አለ። በሮቹ አልተንቀሳቀሱም። ከጭቃው ላይ አንድም ሰው ቀና አላለም።

«አሁን ማን ይቀጥርሽ?» አላት ፒዮ በጆሮዋ።

ወንበር ስባ አዲሱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። ሁለቱን መስመሮች ከመመለሷ በፊት ማስታወሻውን ጻፈች፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ መቼ ማን አጥፍቶት እንደነበር። ከሥሩም ሙሉ ስሟን አሰፈረች።