የእፉኝት ክኒን

ሱኒቫ ቅዳሜ ከሚራ ጋር ወደ ዮቱንሄይመን ተራሮች ልትሄድ እንደሆነ ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ በእግር፣ ከማደሪያ ጎጆ ወደ ማደሪያ ጎጆ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሚራ ደግሞ ሃያ ስምንት ኪሎ የምትመዝን ጥቁር ውሻችን ናት። ሱኒቫ ለራሷ የያዘችው መድኃኒት አንድ ፕላስተር ነው። እኔ ግን ለውሻዋ ሦስት ከረጢት ሞላሁ፤ ፋሻ፣ ወረንጦ፣ የመዳፍ ካልሲ፣ የቁስል ማጠቢያ። ምኑን በየትኛው እንደከተትኩ ወዲያው ጠፋኝ።

ጎረቤታችን ቶርግሪም ይህን ሲሰሙ ስድስት ነጫጭ ክኒን ይዘው መጡ። ኮርቲዞን ነው፣ እፉኝት የነደፈው ውሻ ይህን ይውጣል፣ በዚህ ሸለቆ ያለ አዳኝ ሁሉ ኪሱ ውስጥ አለው አሉ። የእንስሳት ሐኪሟ የሰጠችን ወረቀት ደግሞ ክኒኑ አይጠቅምም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል፣ ዋናው ውሻዋን በእግሯ ሳያስኬዱ ተሸክሞ ማምጣት ነው ይላል። ሐኪሟ ተምራለች። ቶርግሪም አራት የአደን ውሻ አሳድገዋል። ማንን ልመን? ክኒኑን አልጣልኩም፤ ወረቀቱንም አልጣልኩም።

ሐሙስ ከሰዓት ሱኒቫንና ሚራን ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይዣቸው ወጣሁ። ሚራን በአልጋ ልብስ፣ እንደ ቃሬዛ፣ መሸከም እንድንለማመድ ብዬ ነው። ሱኒቫ እየሳቀች፣ መታመሙን መጀመሪያ ሚራ ትለማመድ አለች። አልጋ ልብሱን ሳንዘረጋ ሚራ አፍንጫዋን ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተችና ጮኸች።

እፉኝት አላየንም። ንብም ሊሆን ይችላል። ግን አፏ በአንድ በኩል ማበጥ ጀመረ። ክኒኖቹን ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ ዘረገፍኩ።

"ወረቀቱ አትስጡ ይላል" አለች ሱኒቫ።

"ቶርግሪም ደግሞ ስጡ ብለዋል።"

"እማዬ፣ ቶርግሪም እኮ የገዛ ጉልበታቸውንም የፈረስ ቅባት ነው የሚቀቡት።"

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። የሚራን አፍ መክፈቴ ትዝ ይለኛል። ሱኒቫ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ያዢ ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ሚራን ጠቅልለን፣ በየሃያ እርምጃው እያረፍን፣ ወደ መኪናው ወረድን።

መኪናው ጋ ልንደርስ ስንል ሐኪሟ መልሳ ደወለችና የሰጣችኋት ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ከዚያ ኪሴን ዳበስኩና ክኒኖቹን ቆጠርኩ። አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም አምስት።

"አንድ ጎድሏል" አልኩ። "ሰጥቻት ይሁን ወድቆብኝ፣ አላውቅም።"

ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "ስትደርሺም እንደዚሁ አላውቅም በይኝ" አለች። "የማታውቂውን አውቃለሁ እንዳትዪ እንጂ፣ ይሄ ይበቃኛል።"

ሚራ ሁለት ቀን በደም ሥሯ ፈሳሽ እየተሰጣት ቆየችና ዳነች። ከንፈሯ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ተገኘ፤ እፉኝት ነበር። ክኒኑን መዋጥ አለመዋጧን ግን ሐኪሟም መለየት አልቻለችም። ቶርግሪም በክኒኑ ነው የዳነችው ይላሉ። ሱኒቫ ደግሞ በእግሯ ስላልሄደች ነው ትላለች። እኔ መሃል ላይ ቆሜአለሁ።

ጉዞው ለነሐሴ ተላለፈ። እኔ እንኳ ጨርሶ ቀርቷል ብዬ ነበር።

"ሚራን ለሁለት ሆነን ነው የተሸከምናት" አለችኝ ሱኒቫ። "ብቻዬን ብሆን ምን አደርግ ነበር?"

ይህን ከአፏ ለመስማት ስንት ቀን ጠብቄአለሁ። እንግዲያው ቅሪያ አልኳት።

"አልቀርም። አንቺ ትመጫለሽ።"

ስለ ጉሙ ነገርኳት፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ድልድይ ላይ ስለሚይዘኝ ማዞር። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ የጫማ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዘጠኝ አልኳት፤ ለምን እንደነገርኳት እስካሁን አላውቅም።