ወይኑን ማን ይቅመሰው

«ማን ይቀምሳል?» አለ ካፒቴኑ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ።

በዳሱ ያለው ለቀስተኛ ወደ ጠርሙሱ ዞረ። ጣሊያኑ ካፒቴን ለቅሶ ሲደርስ እዝን ብሎ የያዘው አንድ ጠርሙስ ጥቁር ቀይ የወይን ጠጅ ነበር። የሚቀዳ ሰው ቀድሞ እንደሚቀምስ ያስለመደው ሟቹ ምናሴ ነው። ካፒቴኑ ሸዋ ሮቢት ከሰፈረ ጀምሮ ማዕዱን ያሳለፈለት፣ በመዳፉ ቀምሶ ያጠጣው እሱ ነበር፤ ንዳድ እስኪጥለው ድረስ።

«እሰይ! ባንዳን ጌታው አለቀሰለት» አለች ጌጤ ለጎኗ ሰው፣ የሟቹ ሚስት እጅጋየሁ እንድትሰማ አድርጋ።

እጅጋየሁ ሰማች። መልስም ነበራት። ምናሴ ከዚያ ማዕድ ዙሪያ የሰማውን ሁሉ በደብረ ሲና ገደል ላሉ አርበኞች ይልክ ነበር። ወሬውን አህያ እየነዳ የሚያደርሰው የጎረቤቷ የዘይቱና ወንድም አደም ነው፤ ዛሬም መንገድ ላይ ነው። የባሏን ስም ብታነጻ አደም ይሰቀላል።

በድካም ተነሣች። ከጠርሙሱ ጥቂት በመዳፏ አንቆረቆረች።

አንድ ፋሲካ ምናሴ ከካፒቴኑ ማዕድ የተረፈውን ወይን በመድኃኒት ጠርሙስ ይዞላት መጥቶ ነበር። ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠብቃዋለች።

«መዳፍሽን» አላት።

ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ኮሶ ነው እንዴ ያጠጣኸኝ?»

«ቆይ እንጂ፣ ባዶ አፍሽን ማን ጠጪ አለሽ?» ከወጡ ጠቅልሎ አጎረሳት። «በይ አሁን ድገሚው።»

የበርበሬው እሳትና የወይኑ ምሬት ተያይዘው ወረዱ።

«አየሽ፣ ሁለቱም ኃይለኞች ናቸው፤ ሲገናኙ ይፈራራሉ» ብሎ ሳቀ።

አሁን ከመዳፏ ፉት አለች። መረራት። ለካፒቴኑ ቀዳችለት፤ ተከትሎ ጠጣና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ምናሴ ታማኝ» አለ በተሰባበረ አማርኛው፤ እጅ ነሥቶ ወጣ።

«ሰማችሁ? ታማኝ!» አለች ጌጤ፣ አሁን ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ዘይቱና ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲበላው ብላ ያመጣችውን ምስር ወጥ እየጨለፈች ነበር። ጭልፋውን ጣለችው። «ወላሂ፣ ጌጤ፣ ምናሴ እኮ...»

«ዘይቱና» አለች እጅጋየሁ።

ዘይቱና ዞረች።

«አጉርሺኝ።»

ዘይቱና አፏን ዘጋች። ከማሽላው እንጀራ ቆርሳ፣ ምስሩን ጠቅልላ አጎረሰቻት። እጅጋየሁ ሳትውጠው፣ ወይኑ ገና ያልደረቀበትን መዳፏን ደግማ ወደ አፏ ወሰደች።