ራሱን የነቀነቀው ሰው

ሲስተር በሆስፒታሉ የወንዶች ሕሙማን ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ስሟ አንድም ቀን በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። አዛውንቱ አናጢ መርፌ በተወጋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት እጇ ላይ ሲሞት ግን የሰው ሁሉ አፍ ውስጥ ገባች። ሰውየው ለካ ፔኒሲሊን አይስማማውም ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። «‹የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?› ስላቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ነቀነቁልኝ። እንደ ዛሬ ነው የሚታየኝ።»

አልዋሸችም። ዓይኗን ስትጨፍን ትራሱ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጭንቅላት ቁልጭ ብሎ ይመጣባታል።

የሟቹ ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አፉን ሳይከፍት? አባቴ? ‹ደህና አደሩ› ላለው ሰው እኮ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰው ነው! መርፌውን ይዘሽ ስትመጪ ‹ልጄ፣ ፔኒሲሊን አይስማማኝም› ብሎሻል። አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን በትከሻሽ ደግፈሽ ከላቦራቶሪ ጋር እየተነጋገርሽ ‹እሺ አባባ› አልሽና ወጋሽው።»

ኮሚቴው መዝገቡን ገለጠ። «የማይስማማ መድኃኒት የለም» ከሚለው መስመር ጎን የሲስተር ምልክት ተቀምጧል። ልጅቷን ሐዘን አደናግሯታል ተባለና ነገሩ ተዘጋ። ሲስተርም ከልቧ አዘነችላት።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ያኔ ከአናጢው ቀጥሎ ባለው አልጋ ተኝቶ የነበረ ሾፌር ለምርመራ መጣ። በመኪና አደጋ የተሰበረው መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ነበር፤ አሁን ተፈትቶለታል።

«ሲስተር፣ ይኸው አፍ አወጣሁ!» አላት እየሳቀ። «‹የማይስማማህ መድኃኒት አለ?› ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ መናገር አቅቶኝ ራሴን ስነቀንቅልሽ ትዝ ይልሻል? ሽማግሌው ‹ለአንተም እኔ ልመልስልህ እንዴ?› ብለው ሲያስቁኝ ሽቦው ሊገድለኝ ነበር።»

ሲስተር ልትስቅለት ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ትራሱ ላይ ያለው ጭንቅላት መጣ፤ አሁን ግን ፊቱ የሾፌሩ ነው። የአናጢውን ድምፅ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ጆሮዋ ሰምቶት ይሆናል። እሷ ግን ያኔ ስልኩ ውስጥ ነበረች።

በማግሥቱ የአናጢውን ቤት አፈላልጋ ሄደች። ልጅቷ የአባቷን መጋዝና መሮ ሣጥን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ልክ ነበርሽ» አለቻት ሲስተር በር ላይ እንደ ቆመች። «ራሱን የነቀነቀልኝ ሌላ ሰው ነው። አባትሽን አልጠየቅኋቸውም።»

ልጅቷ የያዘችውን መሮ አስቀመጠች። «ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ‹አጠገቡ ተቀምጠሽ አስገደልሽው› ነው የሚለኝ። እኔም አባቴ በእርግጥ ተናግሮ ነበር ወይስ ልቤ ነው የፈጠረው እያልኩ ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ። አውቀሽ ዋሽተሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታም ብዬ እገላገልሽ ነበር።» ፊቷን ወደ ሣጥኑ መለሰች። «ጻፊው። ፈርመሽ ስጪኝ።»

ሲስተር ጻፈች። አንዱን ቅጂ ለልጅቷ ሰጥታ ሌላውን ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ወሰደችው።

«ሰውየው በሞቱበት ሳምንት የሰጠሽው ቃል አለ» አላት አንብቦ ሲጨርስ። «ከሦስት ወር በኋላ የመጣ ትዝታ እንዴት ይታመናል? ሰው ሲቆይ ይረሳል፣ ያቀላቅላል።»

«ያቀላቀልኩት እኮ ያኔ ነው! ሾፌሩን ጠይቁት።»

«ሾፌሩስ ሰው አይደለም? እሱም ይረሳል። ደክሞሻል ሲስተር፤ ዕረፍት ውሰጂ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በሳምንቱ የአናጢው ልጅ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ወንድሜ አነበበው» አለቻት። «‹ለምነሻት ነው የጻፈችልሽ› አለኝ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ እጇ ላይ አስቀመጠችላትና መንገዱን ተሻገረች። ሲስተር ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የከሰዓቱ መድኃኒት መስጫ ሰዓት ስለ ደረሰ ወደ ክፍሏ ገባች።